ስለ ምርጫና ስለ ዕጣ፤ ከገበጣ እስከ ኮምፒዩተር ጨዋታ

በታሪክ ክበብ አባሎች የቀረበ

ሰው በሕይወቱ ሁለት ዓይነት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛው ራሱ መርጦ የሚያደርገው ነው፤ ሁለተኛው ሳይመርጠው የሚመጣበት ነው። አባቶቻችን የመጀመሪያውን ብልኃት፥ ሁለተኛውን የአርባ ቀን ዕድል ይሉታል። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ የታሪክ ክበብ አባሎች የሆንን እኛ በዚህ መጽሔት ላይ ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር፥ አንዳንዶቻችን ስለ ነገሥታት፥ አንዳንዶቻችን ስለ ጦርነት አሳብ አቅርበን ነበር። በመጨረሻ ግን ስለ ጨዋታ ታሪክ ለመጻፍ ተስማማን። ውድ አንባቢ ሆይ፥ «ጨዋታ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብለው ገጹን እንዳይገልጡብን እንለምናለን።

ነገሩ የተጀመረው በንዴት ነው። ከመካከላችን አንዱ በስልክ ላይ ያገኘውን አንድ የጉዞ ጨዋታ አሳየን። ጨዋታው ታሪኩን እያነበቡ «እንግዳውን ልርዳው ወይስ ልለፈው? ወንዙን ልሻገር ወይስ ልመለስ?» እያሉ የሚመርጡበት ነው። የሠሩትም ትልቅ ኩባንያ ሳይሆን ጥቂት ሰዎች በራሳቸው ድካም ነው። እኛም ተራ በተራ ሞከርነው። አንዱ እንግዳውን ቢረዳ ተገደለ፤ ሁለተኛው ያንኑ እንግዳ ረድቶ ወርቅ ተሸለመ፤ ሦስተኛው ሳይረዳው ቢያልፍ ድልድይ ተሰበረበት። ዐሥር ጊዜ ጀምረን ዐሥር ጊዜ ወደቅን። ከዚህ በኋላ አንዱ ጓደኛችን «ይህ ጨዋታ አይደለም፥ ቁማር ነው» ሲል ተቈጣ፤ ሌላው «የለም፥ እኛ ገና አልተማርነውም» ሲል መለሰለት። ክርክሩ በዕረፍት ሰዓት ስላላለቀ፥ ከታሪክ መልስ እንፈልግ አልን።

በመጀመሪያ ያገራችንን ጨዋታዎች ተመለከትን። ገበጣ በመሬት ላይ በተቈፈሩ ወይም በእንጨትና በድንጋይ ላይ በተፈለፈሉ ጉድጓዶች በጠጠር የሚጫወቱት ነው። በገበጣ ውስጥ የተሸሸገ ነገር የለም፤ ጠጠሩ ሁሉ ለሁለቱም ተጫዋቾች ይታያል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው የሚወቅሰው የራሱን ቈጠራ ነው። ሠንጠረዥም እንዲሁ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሠንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። ያገራችን ሠንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው በአጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው መክፈቻ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ የመጀመሪያው መማረክ እስኪሆን ድረስ፥ ባንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳሉ። ስለዚህ ዕጣ ባይኖርበትም፥ ሌላው ምን እንዳሰበ ሳያውቁ መወሰንን ያስተምራል።

ሎተሪ ደግሞ የነዚህ ተቃራኒ ነው። በ1954 ዓ.ም. የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ከተቋቋመ ወዲህ ቲኬት መግዛት በከተሞቻችን የተለመደ ሆኗል። ቲኬት የሚገዛ ሰው ከገዛ በኋላ የሚሠራው ሥራ የለም፤ ሁሉም የዕጣ ነው። ቢደርሰው ብልኅ አይባልም፥ ባይደርሰውም ሞኝ አይባልም። እንግዲህ ገበጣ በአንድ ጫፍ፥ ሎተሪ በሌላው ጫፍ ሲቆሙ፥ እኛን ያናደደን ዓይነት ጨዋታ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ነው። የመምረጥ መብት ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ውጤቱን ለዕጣ ይተወዋል።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ታሪክ ትምህርት ቤትን የሚመለከት መሆኑን ስናውቅ በጣም ተደነቅን። በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971፥ ዶን ራዊች የተባለ በልምምድ ላይ ያለ የታሪክ መምህር ነበር። ተማሪዎቹን ወደ ምዕራብ ስለ ተሰደዱት አሜሪካውያን ሲያስተምር፥ ታሪኩን በጨዋታ ሊያሳያቸው አሰበ። አብረውት የሚኖሩት ቢል ሃይነማንና ፖል ዲለንበርገር የተባሉ የሒሳብ መምህራን በኮምፒዩተር እንዲሆን አሳብ ሰጡት። ሦስቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ «የኦሪጎን ጉዞ» የተባለውን ጨዋታ ሠርተው ዲሴምበር 3 ቀን 1971፥ ይኸውም በኛ አቈጣጠር ኅዳር 23 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ በክፍል ውስጥ አቀረቡት። በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር መስኮት ስላልነበራቸው ተማሪዎቹ የሚያነቡት ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር በስልክ ሽቦ የተገናኘ የጽሕፈት መኪና በወረቀት ላይ የሚያትመውን ነበር።

በጨዋታው ተጫዋቹ በ1847 ከሚዙሪ ተነሥቶ ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ በሠረገላ ይጓዛል። ሠረገላውን ከገዛ በኋላ የሚቀረው 700 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ በሬ፥ ምግብ፥ ጥይት፥ ልብስና መድኃኒት ይገዛል። መንገድ ላይ ደግሞ ጥሩ ልብላ ወይስ ልቈጥብ፥ ልደን ወይስ ልቀጥል እያለ ይመርጣል። ከዚያ በኋላ ዕጣው ይመጣል፤ በሬ ይጠፋል፥ ሽፍታ ይመታል፥ በረዶ ይወርዳል፥ እባብ ይነድፋል። እባቡን የሚከለክል ምርጫ የለም። ነገር ግን መድኃኒት የገዛ ሰው ተነድፎ ይድናል፥ ያልገዛው ይሞታል። ብርዱም እንዲሁ በቂ ልብስ ያለውንና የሌለውን ይለያል።

ራዊች የትምህርቱ ወራት ሲያልቅ ጨዋታውን ከኮምፒዩተሩ አጠፋው፤ ጽሑፉን ግን በወረቀት አትሞ አስቀመጠ። በ1974 ለሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር በሚያቀርብ ድርጅት በተቀጠረ ጊዜ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ጻፈው። በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ ማሻሻያ አደረገ። የተጓዦቹን የዕለት ማስታወሻ አንብቦ፥ በሽታው፥ ስብራቱና ማዕበሉ በእውነተኛው ጉዞ በደረሱበት መጠን በጨዋታውም እንዲደርሱ ቍጥራቸውን አስተካከለ። ስለዚህ የጨዋታው ዕጣ ከታሪክ የተቀዳ እንጂ ተጫዋችን ለማናደድ የተፈጠረ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በ1980 «ሮግ» የተባለ ጨዋታ በካሊፎርኒያ ተማሪዎች ተሠራ። በሮግ የዋሻው መንገድ በየጊዜው በዕጣ ይለዋወጣል፤ አንድ ጊዜ የሞተም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በ2012 ማቲው ዴቪስና ጀስቲን ማ የተባሉ ሰዎች ያወጡት «ኤፍ ቲ ኤል» የተባለው የጠፈር መርከብ ጨዋታም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው። በዚህ ጨዋታ የተቸገሩትን ለመርዳት የሚወስን ሰው አንድ ጊዜ ይሸለማል፥ አንድ ጊዜ መርከበኛውን ያጣል። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ተስማሚ መሣሪያ የገዛ ወይም ሞያ ያለው ሰው የያዘ ተጫዋች በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ተጨማሪ ምርጫ ያገኛል፤ በዚህም ከዕጣው ጭካኔ ብዙ ጊዜ ይድናል።

«ሲቪላይዜሽን» የተባለውን ጨዋታ የሠራው ሲድ ማየር ደግሞ በ2010 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ የጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ስለ ተጫዋቾች ጠባይ ተናግሮ ነበር። ተጫዋቹ ሦስት ለአንድ ብልጫ ይዞ ሲሸነፍ ጨዋታው አጭበረበረኝ ይላል፤ አንድ ለሦስት ሆኖ ሲያሸንፍ ግን አያማርርም። በሒሳብ ሲታይ ሦስት ለአንድ ያለው ሰው ከአራት ጊዜ አንዱን ይሸነፋል። እኛም ይህን ስናነብ በራሳችን ሳቅን፤ ወርቅ የተሸለመው ጓደኛችን «ዕድሌ ነው» አላለም፥ «ዐውቄ ነው» ነበር ያለው።

ከዚህ በኋላ እኛ ራሳችን አንድ ጨዋታ በወረቀት ለመሥራት ሞከርን። የወሰድነውም ያገራችንን የአዲስ ቅዳምን ገበሬ ነው። ተጫዋቹ መሬቱን ጤፍ፥ ድንች ወይም ዲከረንስ ያለብሳል፤ ዐሥር ጊዜም ዕጣ ያወጣል። ከስድስቱ ዕጣዎች አንዱ «ሁሉም ጠፋ» የሚል ነበር። ከስድስት አንድ ትንሽ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ዐሥር ጊዜ ዕጣ ከሚያወጡ ከመቶ ተጫዋቾች እስከ መጨረሻ የሚደርሱት ዐሥራ ስድስት ያህል ብቻ መሆናቸውን የሒሳብ መምህራችን አሳዩን። ጓደኞቻችን ጥለውት ሄዱ። እኛን ያናደደንን ጨዋታ እኛው ራሳችን ደገምነው ማለት ነው።

ነገሩ ከጨዋታ ያለፈ መሆኑን የተረዳነው ግን በዚህ ጊዜ ነው። ዲከረንስ የተባለው የአውስትራሊያ ግራር በወረዳችን በፋግታ ለኮማ የብዙ ሰው ኑሮ ሆኗል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ወይም ስንዴ ይዘራል፤ ቀጥሎ በዛፉ ሥር የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ገደማ ዛፉን ቈርጦ ያከስለዋል። አሲድ በበዛበት መሬታችን እህል እንደ ልብ ስለማይበቅል ምርጫው ብልኅ ምርጫ ነበር። ከመካከላችን ደብተሩና በከተማ የሚከፍለው የቤት ኪራይ ከከሰል ሽያጭ የተገኘ ጥቂት አይደለም። ዳሩ ግን በቅርብ ዓመታት የዋግ ዓይነት በሽታ በዛፉ ላይ ወድቆ የብዙዎችን ተክል አደረቀ። አንድ ጓደኛችን የጨዋታውን ወረቀት አንሥቶ «ሁሉም ጠፋ» የሚለውን ካነበበ በኋላ ዝም አለ። አባቱ መሬታቸውን በሙሉ ዲከረንስ አልብሰው ነበር። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ወረቀት አልተጫወትንም።

ስለዚህ ጨዋታውን እንደገና ሠራነው። አንደኛ፥ በሽታው የሚያጠፋው የራሱን ተክል ብቻ እንዲሆን አደረግን። ሁለተኛ፥ አንድ ዙር አስቀድሞ «ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል» የሚል ምልክት እንዲመጣ አደረግን። ሦስተኛ፥ መሬቱን የከፋፈለ ሰው ከክፉው ዕጣ በኋላ የሚቀጥልበት ነገር እንዲተርፈው አደረግን። በሽታውን አላስቀረነውም፥ እውነት ነውና። አሁንም የሚሸነፍ አለ፤ ነገር ግን ወረቀቱን ጥሎ የሚሄድ የለም፤ «ሌላ ጊዜ እንዲህ ባደርግስ?» ይላል።

ከዚህ ሁሉ ያገኘነው መልስ እንዲህ ነው። ሁለቱም ተከራካሪ ጓደኞቻችን ከፊል እውነት ነበራቸው። ዕጣ ከምርጫ በፊት ሲመጣ ሰው ሁኔታውን አይቶ ይወስናል፤ ይህ ያስተምራል። ዕጣ ከምርጫ በኋላ ያለ ምልክትና ያለ መጠጊያ ሲመጣ ግን ምርጫው ስም ብቻ ይሆናል፤ ይህ ያናድዳል። የኦሪጎኑ ጨዋታ ከ50 ዓመት በላይ ሳይረሳ የኖረው፥ እባቡን ባያስቀርም መድኃኒት የመግዣ ጊዜ ስለሚሰጥ ይመስለናል።

ለአንባቢያችንም የምናሳስበው ይህንኑ ነው። ዛፉ የደረቀበትን ገበሬ «በራሱ ጥፋት ነው» ብለን አንፍረድበት፤ በሽታውን አልመረጠውምና። እኛም በፈተና ስንወድቅ፥ ሳናጠና የቀረንበትን «የአርባ ቀን ዕድላችን ነው» አንበል፤ እርሱን መርጠነዋልና። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የታሪክ ትምህርት ዋና ጥቅም ነው እንላለን። ከኛ በኋላ በዚህ ክበብ የሚሰበሰቡ ታናናሾቻችን የጨዋታውን ወረቀቶች በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያገኟቸዋል፤ ከኛ የተሻለ አድርገው እንዲያሻሽሉት አደራ እንላለን።