ወባ የተባለው ካላዛር

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በአዲስ ዘመን ዙሪያ ባለው በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በ1997 ዓ.ም. ጣፊያቸው ያበጠ፣ ሰውነታቸው የከሳ ሕሙማን የወባ መድኃኒት ወስደው ባይሻላቸው፣ በሽታው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። በግንቦት ወር ግን ካላዛር መሆኑ በምርመራ ታወቀ። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች ባቋቋሙት ማዕከል 2450 ሰዎች ታከሙ።

በሽታውን ወደ ደጋው ያመጡት ከሑመራና ከመተማ የሰሊጥ እርሻ የተመለሱ የቀን ሠራተኞች እንደሆኑ ይገመታል። እንግዲህ የት ሠርቶ እንደመጣ ያልተጠየቀ ሕመምተኛ ራሱ ቢናገር ይበጀዋል፤ «መድኃኒቱን ጨርሻለሁ፣ አልተሻለኝም፣ መተማ ከርሜ ነበር» የሚለው ቃሉ ሌላ ምርመራ ለማዘዝ የሚያበቃ ማስረጃ ነውና። ሕመምተኛ ሲጠይቅ የተናቅን የሚመስለን ባልደረቦች፣ እኔን ጨምሮ፣ ጥቂት አይደለንም።

ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ቀላል ነው። ሆኖም ቀድሞ ታክሞ በዳነ ሰው ላይም በሽታው እንዳለ ሊያሳይ ስለሚችል፣ አገርሽቷል ተብሎ ሲጠረጠር ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ጣፊያ ሊደማ ይችላልና ሕመምተኛው ለምን እንደሚወጋ፣ የደሙ መርጋት አስቀድሞ መታየቱንም መጠየቅ መብቱ ነው። ቀድሞ መታከሙን መናገርም የእርሱ ድርሻ ነው፤ ካርዱ ሑመራ ቀርቶ ይሆናል።