ዳቦው የእኛ፣ ማባያውስ የማን? የምዕራብ ጎጃም ቁርስ ታሪክ

በማኅበራችን ስብሰባ ደጋግሞ የተነሳ አንድ ጥያቄ አለ። በጋራ ዳቦ ጋግረን ብንሸጥ የትኛውን እንጋግር? ከምን ማባያ ጋርስ እናቅርበው? ከፍኖተ ሰላም የሆኑት ፉርኖ አሉ፤ ከቡሬ የመጡት ድፎ አሉ፤ የገጠር ቀበሌ አባላት ደግሞ ትኩስ ቂጣን የሚያህል የለም ብለው ተከራከሩ። ሳቅና ጨዋታ የበዛበት ክርክር ነበር። ይሁን እንጂ የቁርሳችንን ታሪክ ወደ ኋላ ስንመለከተው ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ማን ይጋግራል፣ ማን ይበላል፣ ገንዘቡስ ማን እጅ ይገባል የሚለውም አብሮ ይነሳል።

በእኛ አገር ለዓመት በዓልና ለክርስትና የሚጋገረው ድፎ ዳቦ ነው። የስንዴው ሊጥ ተቦክቶ ኩፍ ካለ በኋላ ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ይደፋል፤ ከታችም ከላይም እሳት ይደረግለታል። ለቡሄ ደግሞ ነሐሴ 13 ለሚጨፍሩት ልጆች ሙልሙል ይታደላል። ቂጣ ግን የዘወትር ነው። ሊጡ ኩፍ እስኪል አይጠበቅም፤ ምጣዱ እስኪግል ሊጡ ይደርሳል። ስንዴ ከጠፋ ገብስ፣ ገብስ ከጠፋ በቆሎ ወይም ዳጉሳ ይሆናል። ልጆቿን ወደ ትምህርት ቤት፣ ባለቤቷን ወደ እርሻ በጠዋት ለምትሸኝ እናት ከቂጣ የቀረበ ቁርስ የላትም። ወፍጮ ቤት ሳይመጣ በፊት ዱቄቱን በድንጋይ ወፍጮ የምትፈጨውም ራሷ ነበረች።

ማባያውን የሚወስነው ከኪሳችን ሌላ የጾሙ ሥርዓት ነው። በፍስክ ቀን ትኩስ ቂጣ በቅቤና በበርበሬ ይፈተፈታል፤ ማር ከተገኘም ዳቦ በማር ይበላል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ቅቤው ይቀርና ተልባ፣ የኑግ ልጥልጥና አዋዜ ይተኩታል። የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን በርበሬ በገበያ የታወቀ ስለሆነ፣ አዋዜ ለእኛ ከጓሮ እንደተቀጠፈ ያህል ቅርብ ነው።

ቅቤውና ማሩ ግን ከጥንት ጀምሮ ከአገሩ ይወጡ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ሰከላ ውስጥ ከሚገኘው ከግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። በመጽሐፉም የጎንደር ከተማ ኑሮ በአገው ሕዝብ ምርት ላይ የተደገፈ እንደነበር፣ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም ያለማቋረጥ ወደዚያ ይጓዝ እንደነበር ጽፏል። ቅቤው በመንገድ እንዳይቀልጥ የመቅመቆ ሥር ይቀላቀልበት እንደነበርም አስተውሏል። መቅመቆን እኛም ዛሬ ቅቤ ስናነጥር እንጨምረዋለን። ወተት መናጥ በአገራችን የሴት ሥራ ነውና፣ ከዚያ ሁሉ ቅቤ ጀርባ ያለው የእናቶቻችን ድካም ነው። የናጠችው ሌላ፣ የበላው ሌላ ነበር ማለት ነው።

ፉርኖ የሚለው ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ማለት ነው። ማርማላታም እንዲሁ ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ቡሬ የጠላት ጦር ምሽግ ነበረች፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ከተደረገው ውጊያ በኋላ ጠላት ለቆ ወጣ። በዚያ ዘመን ሴቶች በሶና ዳቦ ቆሎ እያዘጋጁ ለአርበኞች ስንቅ ያቀብሉ ነበር። ሁለቱም ቀላል ናቸው፤ ሳይበላሹ ይቆያሉ፤ በዱር ላለ ሰው እሳት አንድዶ በጭስ መታየትንም ያስቀራሉ። የጋጋሪዎቹ ሙያ የትግሉ አንድ ክፍል ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ ፉርኖ የከተማው ቁርስ ሆኗል። ማገዶ አያስፈልገውም፤ ከሱቅ ተገዝቶ በሻይ ይበላል። ጠዋት ለምትሮጥ ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጉድለቱ፣ ነጭ ዱቄት ሲዘጋጅ ገለባውና የእህሉ ፅንስ ስለሚወጡ ብረትና ቫይታሚን ይቀንሳል። ሲያድርም ቶሎ ይደርቃል፤ ያኔ ቆራርጠን ምጣድ ላይ እንጠብሰዋለን። የተጠበሰው ፉርኖ በቅቤና በማር ሲሆን ልጆች ይወዱታል፤ በአዋዜም ለጾም ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ቅቤውንና ማሩን ቅዳሜ ገበያ ሸጠን፣ ለልጆቻችን በብልቃጥ የመጣ ማርማላታ እንገዛለን።

መሸጡን የምንነቅፍ አይደለንም። የቅቤ ገንዘብ ለብዙዎቻችን በራሳችን እጅ የሚገባ ገንዘብ ነው፤ ጨው፣ ሳሙናና ደብተር ይገዛል። ጥያቄው በምን መልክና በማን ዋጋ እንሸጥ የሚለው ነው። ማሩን ለነጋዴ በጅምላ ከመስጠት፣ ተልባችንን፣ አዋዜያችንንና ማራችንን ከገዛ ዳቦአችን ጋር አቅርበን ብንሸጥ ትርፉ በመካከላችን ይቀራል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለበዓልና ለድግስ በትዕዛዝ ድፎ እንጋግር። ለዘወትር ቁርስ ካልተነፋ የስንዴ ዱቄት አነስ ያለ ዳቦ እናቅርብ፤ በፍስክ በቅቤና በማር፣ በጾም በተልባና በአዋዜ። ዋጋውን ስንተምን የዱቄቱን ብቻ ሳይሆን የማገዶውንና የእጃችንንም ድካም እንቁጠር። ደጋፊዎቻችን ሊረዱን ከፈለጉ፣ ከዱቄት እርዳታ ይልቅ ማገዶ ቆጣቢ መጋገሪያ ይበልጥ ይጠቅመናል። ከእያንዳንዱ ጋገራ ጥቂቱ ደግሞ ከነማባያው ለራሳችን ልጆች ቁርስ ይቀመጥ።