መራጭ ያደረገው ሕግ፣ ተመራጭ የከለከለው ጢሰኛ

«ድሮ ምርጫ ለሁሉም ክፍት ነበር» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ ለመምረጥ ነው ወይስ ለመመረጥ ብላችሁ ጠይቁት።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሕዝቡን ጭራሽ አላስመረጠም። ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ተብሎ፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ።

የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሩን ከፈተ። 21 ዓመት የሞላው ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ መራጭ ሆነ። እንደራሴ ለመሆን ግን በምርጫ ወረዳው ነዋሪና ባለ ንብረት መሆን ግድ ነበር። ፓርቲም አልነበረም። ስለዚህ የሰው መሬት የሚያርሰው ምስኪን ጢሰኛ ድምፅ አለው፣ የሚሰጠው ግን ንብረት ላለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ምክር ቤት የጢሰኛውን ጉዳይ ከልቡ ይይዛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ዛሬ የንብረት መስፈርት የለም። በአዋጅ 1162/2011 መሠረት 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ ይመዘገባል። ግን በየጊዜው ሰፈር የሚቀይረው ቤት ተከራይ ስድስት ወሩን የት ይቁጠር?

የምርጫ ሕግ ስታነቡ «ማን ይመርጣል?» ላይ አትቁሙ። መስፈርቱ ማንን በር ላይ እንደሚያስቀርም እዩ።