ማርቲን ፍላድ፤ በደንቢያ የኖረው ወጣት ሚሲዮናዊ



ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ በጫኑበት በ1855 (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ዮሐን ማርቲን ፍላድ የተባለ የ24 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት፣ ቀድሞ በአድዋና በሸዋ ከነበረው ከሰባኪው ከዮሐን ክራፕፍ ጋራ ወደ አገራችን ገባ። የመጡትም ንጉሠ ነገሥቱ ሚሲዮናውያን እንዲገቡ ይፈቅዱ እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

ፍላድ የተማረው በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ በ1840 በተመሠረተው በቅዱስ ክሪሾና ቤት ነው። ይህ ቤት የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትን ሳይሆን የእጅ ሙያ ያላቸውን ወጣቶች እየሰበሰበ መጽሐፍ ቅዱስን ያስተምር ነበር። የቤቱ መሥራች ሽፒትለር ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር በየመንገዱ 12 ማረፊያዎችን አቁሞ በሐዋርያት ስም ለመሰየም አስቦ ነበር። ሐሳቡን ከደገፉት አንዱ በ1830 ጎንደር ተቀምጦ ከሊቃውንቱ ጋራ ሲከራከር የነበረው፣ ኋላም የኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ነው። በዚሁ በ1830 በአሜሪካ የተመሠረተችው የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ወጣቶቿን ሁለት ሁለት አድርጋ ወደ ባዕድ አገር ትልካለች፤ የወንዶቹም አገልግሎት ሁለት ዓመት ነው። ክሪሾና የላከቻቸው ወጣቶች ግን የመመለሻቸውን ቀን አያውቁም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ የፈለጉት ሰባኪ ሳይሆን ባለሙያ ነበር። አቡነ ሰላማም በልጅነታቸው በካይሮ በእንግሊዞች ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ስለ ነበሩ እንግዶቹን በጥላቻ አልተመለከቷቸውም። ነገር ግን ባለሙያዎቹ ሥራቸውን እንዲሠሩ እንጂ በሕዝቡ ሃይማኖት እንዳይገቡ ተነገራቸው። በ1856 ፍላድ ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ ተመልሶ መጣ። ይዘዋቸው የመጡት የአማርኛ መጻሕፍት የጎጃም ተወላጅ የሆነው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ ከተረጐመው ሥራ የታተሙ ነበሩ፤ እንግዳው የራሱን ሃይማኖት ሊያስተምር የመጣው ባገራችን ሰው ድካም በተገኘ መጽሐፍ ነው ማለት ነው። ከእነዚህ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሰፍረው ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ወደ ማፍሰስ ተሻገሩ። ወንጌል ሊሰብክ መጥቶ መድፍ መሥራት ለኅሊና ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ፍላድ ግን ወደ ሌላ ሥራ አዘነበለ። በ1860 ሄንሪ ሽተርን የተባለ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ የሆነ ሰባኪ ከለንደን መጥቶ፣ በዚያ ዘመን ፈላሻ እየተባሉ ይጠሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤልን ለማስተማር ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አገኘ። ሥራውም በደንቢያ በጀንዳ ሲቋቋም ፍላድ በዚያ ተቀመጠ፤ ባለቤቱ ጳውሊናም በኢየሩሳሌም ሕሙማንን ስታስታምም የነበረች ዲያቆናዊት ነበረች። ፈቃዱ አንድ ብርቱ ማሰሪያ ነበረበት፤ ይኸውም ያመነ ሁሉ የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ነው። ስለዚህ ፍላድ ዓመታት ደክሞ ያስተማረውን ሰው በመጨረሻ ለሌላ ካህን እጅ ያስረክብ ነበር። ብዙ ሚሲዮናውያን የማይቀበሉትን ይህን ውል ተቀብሎ መቀመጡ ስለ እምነቱ ከስብከቱ ይልቅ የሚናገር ይመስለኛል።

ይሁን እንጂ ታሪኩን ከአንድ ወገን ብቻ መስማት አይገባም። ቤተ እስራኤል አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ሆነው፣ የንጽሕና ሕጋቸውን አጥብቀው፣ ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው ለብዙ ዘመን ሃይማኖታቸውን የጠበቁ ሕዝብ ናቸው። የሚሲዮናውያኑ ክርክር፣ ይልቁንም መሥዋዕታቸውን የነቀፈው ትምህርት፣ በመንደሮቻቸው መካከል ጭንቀት አስነሣ፤ ካህናቶቻቸውም እስከ ንጉሡ ድረስ አቤት አሉ። በ1862 አባ መሐሪ የተባሉ መነኵሴ እግዚአብሔር ባሕሩን ይከፍልልናል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ከተጓዦቹም ብዙዎች በትግራይ በረኃብና በበሽታ አለቁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጉዞ ሚሲዮኑ ካስነሣው መነዋወጥ ጋራ ያያይዙታል። በጀንዳ ስለ ተጠመቁት የሚጽፍ ሰው እነዚህንም በመንገድ የቀሩትን መቍጠር አለበት።

በ1863 ነገሩ ተበላሸ። ሽተርን በለንደን ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚል ተገኝቶ፣ እርሱና ጓደኛው ሮዘንታል በጎንደር ተፈርዶባቸው ታሰሩ፤ በ1864 መጀመሪያም የእንግሊዝ ቆንሲል ካሜሮን በሰንሰለት ገባ።

የፍላድ ብርቱ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1866 በጣና ዳር ዐፄ ቴዎድሮስ ባለሙያና መሣሪያ እንዲላክላቸው ለንግሥት ቪክቶርያ ደብዳቤ አጽፈው መልእክተኛ አድርገው ላኩት። ሚስቱና ልጆቹ ግን በመያዣነት ቀሩ። ለንደን ደርሶ ከንግሥቲቱ ጋራ ተገናኘ። እርሱ በመንገድ ሳለ ግን ንጉሠ ነገሥቱ የእንግሊዙን መልእክተኛ ራሳምንና ጓደኞቹን አስረው ወደ መቅደላ ሰደዷቸው። የእንግሊዝም መንግሥት ባለሙያዎቹ የሚሰጡት እስረኞቹ ተፈተው ምጽዋ ሲደርሱ ነው የሚል መልስ አስያዘው። እንግዲህ ፍላድ የያዘው ቃል ንጉሡን የማያስደስት መሆኑን፣ በዚያው የሚቆየውም አገልጋይ በሰንሰለት ሊታሰር እንደሚችል ያውቃል። ከምጽዋ ተነሥቶ ደጋውን ወጣ፤ በ1867 ደብረ ታቦር ደርሶ መልእክቱን አደረሰ። ለዚህ ምክንያቱ የባልነትና የአባትነት ግዴታ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። ይሁን እንጂ ሰው በፈተና ሰዓት እምነቱን ከግዴታው ለይቶ መመዘን የሚችል አይመስለኝም።

በሚያዝያ ወር 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ፍላድና ቤተ ሰቡ ከጦሩ ጋራ አገሩን ለቀው ወጡ። ከዚያ በኋላ የጀንዳው ሥራ በአገር ተወላጆች እጅ ቀረ፤ ከእነርሱም ዋነኛው ፍላድ በልጅነቱ ያሳደገው፣ በክሪሾና የተማረው ሚካኤል አረጋዊ ነበር። ፍላድ ግን ከአውሮጳ ሆኖ ደብዳቤና ገንዘብ እየላከ፣ አንዳንድ ጊዜም በምጽዋ አጠገብ እስከ ሞንኩሎ እየመጣ ሠራተኞቹን ያገኝ ነበር። በ1915 ሞተ። በ1922 የታተመው የሕይወቱ ታሪክ በርእሱ ላይ በቤተ እስራኤል መካከል በሚሲዮን ሥራ 60 ዓመት ይላል፤ ከእነዚህ ዓመታት በአገራችን የኖረባቸው 13 ያህል ብቻ ነበሩ።