የቆዩ ትራክተሮችን የኤሌክትሪክ ሥርዓት ከ6 ወደ 12 ቮልት ስለመቀየር

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ከተሠሩ የእርሻ ትራክተሮች ብዙዎቹ በ6 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ባለ 6 ቮልት ባትሪና አምፖል ከገበያ እየጠፋ በመምጣቱ ባለንብረቶች ወደ 12 ቮልት ለመቀየር ይገደዳሉ። ይሁን እንጂ ሌሎቹን ክፍሎች ሳያስተካክሉ ባትሪውን ብቻ መለወጥ ለብልሽትና ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

1. ከመወሰን በፊት የሚደረግ ምርመራ

የትራክተሩን ቮልቴጅ በሞዴል ስም ብቻ መወሰን አይቻልም። ለምሳሌ ፈርጉሰን ቲኢ20 መጀመሪያ በ6፣ በኋላ በ12 ቮልት ተሠርቷል። በአንዳንድ ትራክተሮችም ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 12 ቮልት ይሰጣሉ። ስለዚህ በዲናሞውና በሞተሪኖው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበብ።

ሞተሩ በዝግታ የሚዞር ከሆነ መንስኤው የዛገ ማያያዣ ወይም የቀጠነ ገመድ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉድለት ከተስተካከለ መቀየሩ ላያስፈልግ ይችላል።

2. የክፍሎች ሁኔታ

ሀ. ዲናሞ፦ ባለ 6 ቮልቱ ዲናሞና መቆጣጠሪያው ወጥተው በ12 ቮልት አልተርኔተር ይተካሉ። የቺንጊያው መስመር ቀጥ ማለቱ ይረጋገጥ።

ለ. የባትሪ አቅጣጫ፦ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1952 የተመረተውን ፎርድ 8ኤን በመሳሰሉ ትራክተሮች ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። የተለመደው አልተርኔተር ግን ነጌቲቩ ከሻንሲው ጋር እንዲያያዝ ይፈልጋል። ተገልብጦ ከተያያዘ ወዲያው ይቃጠላል።

ሐ. ቦቢና፦ በ12 ቮልት ቦቢና ይለወጣል፤ ወይም ተስማሚ የኤሌክትሪክ መቀነሻ ይገጠምለታል። ይህ ካልተደረገ ቦቢናው ከመጠን በላይ ይግላል።

መ. አምፖሎችና ጠቋሚዎች፦ አምፖሎች በሙሉ ይለወጣሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የነዳጅና የሙቀት ጠቋሚዎች የቮልቴጅ መቀነሻ ያስፈልጋቸዋል። የአምፔር ጠቋሚው ይቆያል፤ የባትሪው አቅጣጫ ከተለወጠ ግን ሁለቱ ገመዶቹ ይቀያየራሉ።

ሠ. ሞተሪኖ፦ አብዛኛውን ጊዜ ሳይለወጥ ያገለግላል። ሆኖም በፍጥነትና በኃይል ስለሚዞር ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ተነክቶ እንዲያርፍ ይደረጋል።

ረ. ገመዶች፦ ለተመሳሳይ አምፖል ኃይል በ12 ቮልት የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ያልተላጡና ያልተሰነጠቁ ገመዶች ሊቆዩ ይችላሉ። ከአልተርኔተር ወደ ባትሪ የሚሄደው ገመድ ግን ለአልተርኔተሩ አቅም በቂ መሆን አለበት።

3. በሥራው ወቅት የሚደረግ ጥንቃቄ

• ማርሹ ነጻ ይደረግ፤ ፍሬኑ ይያዝ።
• ከሻንሲው ጋር የተያያዘው የባትሪ ገመድ በመጀመሪያ ይፈታ፤ በመጨረሻ ይታሰር።
• ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያመነጭ በአካባቢው ሲጋራ ማጨስም ሆነ እሳት ማቀጣጠል አይገባም።

4. የማረጋገጫ ልኬት

ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በባትሪው ጫፎች ላይ የሚለካው ቮልቴጅ ከ13.8 እስከ 14.5 ገደማ ሊሆን ይገባል። ቁልፉ ሲዘጋ የቤንዚን ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ ከአልተርኔተሩ ወደ ቦቢናው ኤሌክትሪክ እየተመለሰ ሊሆን ስለሚችል፣ በመነሻ መስመሩ ላይ ዳዮድ ወይም ጠቋሚ መብራት እንዲገጠም ያስፈልጋል።

ማሳሰቢያ፦ የኤሌክትሪክ መለኪያ የሌለው ባለንብረት ሥራውን በራሱ ከመጀመር ይልቅ ለሠለጠነ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲሰጥ ይመከራል።