ራስሙሰን ኢንሰፋላይተስ

ራስሙሰን ኢንሰፋላይተስ በአብዛኛው ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን የሚይዝ፣ እምብዛም የማያጋጥም ሥር የሰደደ የአንጎል ብግነት ነው። እንግዳ ጠባዩ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንዱን የአንጎል ግማሽ ብቻ ማጥቃቱ ነው። በሞንትሪያል የነርቭ ሕክምና ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቴዎዶር ራስሙሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ሦስት ሕሙማን ጽፈው አሳወቁት።

ሕመሙ የሚያስከትለው የሚጥል በሽታ በመድኃኒት አይገታም። በግማሽ ያህሉ ሕሙማን ፊት ወይም እጅ ለቀናት ያለማቋረጥ ይንዘፈዘፋል፤ ቀስ በቀስም የሰውነት አንድ ጎን ይዝላል፣ የማሰብ ችሎታም ይዳከማል።

ራስሙሰን የጠረጠሩት ቫይረስን ነበር፤ እስካሁን ግን ጥፋተኛ ሆኖ የተረጋገጠ ቫይረስ የለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በጥንቸሎች ላይ የተደረገ ጥናት የግሉታሜት ተቀባይን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ጠቁሞ ብዙ ተስፋ አጭሮ ነበር። ያው ፀረ እንግዳ አካል በሌሎች የሚጥል በሽታ ሕሙማንም ሲገኝ ግን ሐሳቡ ደበዘዘ። ዛሬ ዋናው ተጠርጣሪ የአንጎል ሕዋሳትን የሚገድሉት ቲ ሴሎች የተባሉት የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ናቸው። ለዚህ ማስረጃ የሆነው ናሙና በአብዛኛው የተገኘው ከሕክምናው ከራሱ፣ ማለትም በቀዶ ጥገና ከወጣ የአንጎል ክፍል ነው።

በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያለዝቡ መድኃኒቶች ጉዳቱን ያዘገዩ ይሆናል እንጂ መንዘፍዘፉን እምብዛም አያቆሙም። ብዙዎቹን ከመንዘፍዘፍ የሚገላግለው የታመመውን የአንጎል ግማሽ ከጤነኛው የሚያለያየው ቀዶ ጥገና ነው፤ ዋጋው ግን የተቃራኒው እጅ ጣቶች ቅልጥፍናና የእይታ ግማሽ ነው።