ዳግም ልደት በአዋጅ?

ስለ ዳግም ልደት ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምንጠቅሰው ኒቆዲሞስን ነው። የወሎ ታሪክ ግን ይሄንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ አቅርቦልናል።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ። ክርክሩ እኮ ስለ ልደት ነበር፤ የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ሦስት ልደቶች፣ ከአብና ከማርያም ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት አለ ይሉ ነበር። ተረቱ፤ ትምህርታቸውም ተከለከለ።

በዚያው ዘመን የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ። ክርስትና ያነሧቸው ዐፄ ዮሐንስ ናቸው፤ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ። ሹመቱን ላለማጣት የተከተላቸው ነበር። ሸህ ጦልሃን የመሰሉት እምቢ ብለው ተዋጉ። ቀን ተጠምቆ ማታ የሚሰግድም አልጠፋም።

ታዲያ ውሃው አንድ ውሃ ሆኖ ሳለ ዳግም ልደቱ ስለ ምን በሁሉም አልሆነ? ሚካኤል ራሳቸው በክርስትናቸው ጸንተው ኖረዋልና የተጠመቀውን ሁሉ አስመሳይ አንልም። ነገር ግን ኒቆዲሞስ በሌሊት ቢመጣም የመጣው በገዛ እግሩ ነው። ወታደር አልነዳውም።

ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ባለው ደጋ ዛሬም አንዱ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ አንዱ መስጊድ ይሰግዳል፤ ለለቅሶ ግን አብረው ይቀመጣሉ። ይሄን ያቆየው አዋጅ አይደለም።